32 በመቶ የከፈለ የባንክ አክሲዮን በ2,200 ብር ይገዛል?

መቅደስ_ሐዋሳ
ሰላም ለቤቱ ሰዎች። እስከዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፣ ዛሬ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። አብራኝ የምታስተምር ልጅ ወደ ካናዳ ልትሄድ ስለሆነ የአንድ የግል ባንክ አክሲዮኖቿን ልትሸጥልኝ ትፈልጋለች። አሥር አክሲዮን ነው። የአንዱ ፓር ቫልዩ (ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ) 1,000 ብር ሲሆን እሷ የጠራችው 2,200 ነው። ባንኩ አምና 32 በመቶ የትርፍ ድርሻ ከፍሏል፣ ወረቀቱን አይቻለሁ። የኔ ብር ደግሞ ቁጠባ ደብተር ላይ በ7 በመቶ ተኝቷል። 7 እና 32 ሲነጻጸሩ የሚያስጠይቅ አልመስል አለኝ። ባለቤቴ ግን «አንድ ሺህ የተጻፈበትን ወረቀት በሁለት ሺህ ሁለት መቶ? ተሞኝተሻል» ብሎ ቁጭ አለ። ማናችን ነን ልክ? የባንኩን ስም አልጽፍም። እዚህ ቤት ስም ከተነሳ ወሬው ወዴት እንደሚዞር አይቻለሁና።

አራዳው
ካልገዛሽ ስልኳን ላኪልኝ።

አወያይ
የሻጭም የገዢም ስልክ እዚህ አይለጠፍም። አራዳው፣ ይሄ ለአንተ ሁለተኛ ነው።

ቶማስ_ቦሌ
እህቴ ብዙ አትጨነቂ። በዚች አገር የግል ባንክ ሲከስር አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። አገሩ ሲናጥም፣ ኮቪድ ሲመጣም፣ ጦርነት ሲሆንም ትርፍ ያከፋፍላሉ። ብርሽ በቁጠባ ከሚበላሽ ግዢና አስቀምጪው። ፕሪሚየሙን፣ ከፓር በላይ የከፈልሽውን ማለቴ ነው፣ ነገ ሌላው ይከፍልሻል።

ሒሳብ_ሹሙ
መቅደስ፣ አንቺም ባለቤትሽም ያያችሁት የማይጠቅማችሁን ቁጥር ነው።

32 በመቶው የሚሰላው በ1,000 ብሩ ላይ ነው። ማለትም ለአንድ አክሲዮን 320 ብር። አንቺ ግን የምትከፍዪው 2,200 ነው። 320ን ለ2,200 ስታካፍዪው 14.5 በመቶ ይመጣል፣ ግብር ሲነሳለት ደግሞ 14ም አይሞላም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ያወጣው መነሻ የወለድ ተመን 15 በመቶ ነበር። እንግዲህ የያዝሽው «ከቁጠባ አራት እጥፍ የሚበልጥ» ነገር ሳይሆን ከቁጠባ የተሻለ ግን ስጋት ያለበት ነገር ነው። ባንኮች በጉባኤ ላይ 32 በመቶ ብለው ሲያውጁ አልዋሹም፣ የሚያወሩት ግን በፓር ለገቡት ነው።

ባለቤትሽ ደግሞ ፓር ቫልዩን እንደ ዋጋ ቆጥሮታል። ፓር ቫልዩ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቁጥር ነው፣ አክሲዮኑ ዛሬ ምን እንደሚያወጣ አይናገርም። ባንኩ ከተቋቋመ ጀምሮ ያተረፈውን ሁሉ አላከፋፈለም። ቢፈልግም ሕጉ አይለቀውም። ባንኮች በየዓመቱ ከተጣራ ትርፋቸው 25 በመቶውን ወደ ሕጋዊ መጠባበቂያ ያዞራሉ፣ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እኩል እስኪሆን ድረስ። ያ ገንዘብ የባለአክሲዮኑ ነው፣ ኪሱ አልገባም እንጂ። ዓመታዊ ሪፖርቱን ፈልጊና የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ሀብት የሚለውን ድምር ለአክሲዮኖቹ ብዛት አካፍዪው። ለምሳሌ 1,500 ብር ቢመጣ፣ 2,200 ስትከፍዪ ከሀብቱ በላይ የጨመርሽው 1,200 ሳይሆን 700 ብር ነው። በዚያ 700 የምትገዢው የባንኩን የነገ ትርፍ ነው። ባለቤትሽ መጠየቅ ያለበት ስለዚያ 700 ነው።

ሪፖርቱን አግኚና ተመለሺ። አምናንና ካቻምናን ሁለቱንም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ቶማስ ወንድሜ፣ ባንክ አለመውደቁና ባለአክሲዮን አለመክሰሩ የተለያየ ነገር ነው። እዚህ አሜሪካ በፈረንጆቹ መጋቢት 2023 ሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ መንግሥት ያስቀማጩን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ሸፈነ፣ ከመድኑ ጣሪያ በላይ የነበረውን ጭምር። ባለአክሲዮኖቹ ግን ባዷቸውን ቀሩ። የኛም አገር የተቀማጭ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር የሚሸፍነው ተቀማጭን ነው። አክሲዮን የያዘ ሰው ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው፣ ሌላው ሁሉ ከተከፈለው በኋላ።

ሌላው ደግሞ ኩባንያው ሳይወድቅም ባለአክሲዮኑ መክሰሩ ነው። የኢንተርኔት መሣሪያ አምራቹን ሲስኮን ውሰድ። በፈረንጆቹ መጋቢት 2000 በዓለም ትልቁ ኩባንያ ተብሎ ነበር፣ አክሲዮኑ 80 ዶላር ገደማ ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ከ10 ዶላር በታች ወረደ። ሲስኮ አልከሰረም! በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ሽያጩ ከእጥፍ በላይ አድጓል። በ80 የገዛ ሰው ግን የከፈላትን ዋጋ መልሶ ለማየት ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቋል። ኩባንያው ጥሩ ነበር፣ ዋጋው ነበር መጥፎው። መቅደስ ስለ ባንኩ ጥሩነት ብቻ ስትሰማ ይቺን ብትይዝ ይበጃታል።

ቶማስ_ቦሌ
ሲስኮን ምን አመጣው? እዚያ አገር ዋጋ በየሰከንዱ ይወጣል ይወርዳል። እዚህ የባንክ አክሲዮን ሲወርድ አይታይም።

ሒሳብ_ሹሙ
«ሲወርድ አይታይም» ያልከው ትክክል ነው፣ ቃሉ ራሱ ይበቃል። ዋጋ የሚታየው ሰው ሲገበያይ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ አክሲዮን ለመሸጥ ገዢ በወሬ ትፈልጋለህ፣ ካልሆነም የባንኩ አክሲዮን ክፍል ሄደህ «የሚገዛ ካለ ደውሉልኝ» ትላለህ፣ ትደራደራለህ፣ ውልና ማስረጃ ትሰለፋለህ። ሰው ሁሉ ለመሸጥ በፈለገበት ሰሞን ዋጋው አይወርድም፣ ገዢው ነው የሚጠፋው። መዝገብ ላይ የወረደ ቁጥር ስለሌለ ሁሉም «አልወረደም» ይላል። ልጇን ልታስታምም አክሲዮን ልትሸጥ የወጣች ሴት ግን ወራት ትጠብቃለች፣ በመጨረሻ ከመጣው አንድ ገዢ ጋር እሱ ባለው ዋጋ ትስማማለች። ለኔ መውረድ ማለት ይሄ ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ሆኖ ተመዘገበ፣ ሌሎችም ተከትለዋል። ይሄ ቀስ እያለ ነገሩን ይቀይረዋል ብዬ አስባለሁ። ግን መመዝገብ ብቻውን ገዢ አያመጣም። መቅደስ የባንክሽ አክሲዮን ተመዝግቦ ከሆነ ባለፉት ወራት በስንት እንደተገበያየና ስንት አክሲዮን እጅ እንደቀየረ እዪ። በሳምንት አሥር አክሲዮን የማይንቀሳቀስበት ከሆነ የተለጠፈውን ዋጋ አትመኚው።

አራዳው
በቁም ነገር ልጠይቅ። ለምን ቴሌን አትገዛም? ባንክ ምን ያደርጋል፣ ቴሌ እያለ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
አራዳው አንዳንዴ ደህና ይጠይቃል።

ቴሌ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ የድርጅቱን 10 በመቶ፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሽያጭ ያቀረበው በጥቅምት 2017 ነበር። የሸጠው ግን 10.7 ሚሊዮን ያህሉን ነው፣ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ። 10 በመቶው 30 ቢሊዮን ከሆነ ድርጅቱ በጠቅላላው 300 ቢሊዮን ብር ተገምቷል ማለት ነው። በ2016 በጀት ዓመት ያተረፈው 21.8 ቢሊዮን ያህል ነበር። ስለዚህ ገዢው የ14 ዓመት ትርፍ ከፍሎ ነው የገባው፣ ትርፉ ካላደገ። በእርግጥ ቴሌ ያድጋል፣ ቴሌብርም አለ። ግን ዋጋውን የቆረጠው ሻጩ ራሱ ነው፣ 99 በመቶ ያህሉን የያዘውም መንግሥት ነው። የትርፍ ድርሻ ስንት ይሁን፣ ታሪፍ ስንት ይሁን የሚለውን የምትወስነው አንተ አይደለህም። መጥፎ ግዢ ነው አላልኩም። 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር ነበር ዝቅተኛው፣ በዚያ መጠን ሞክሮ ማየት ይቻል ነበር።

እትዬ_የሺ
ልጆቼ፣ ከሁላችሁም ቀድሜ አክሲዮን የገዛሁ ሳልሆን አልቀርም፣ ስለዚህ ጥቂት ልበል።

የግል ባንክ የተፈቀደው በ1986 ነው። ከዚያ በፊት በደርግ ጊዜ በ1967 ባንኩም ኢንሹራንሱም ተወርሶ፣ በንጉሡ ዘመን የነበረችው የአክሲዮን መገበያያም አብራ ቀርታ ነበር። ስለዚህ ያኔ አክሲዮን ግዙ ሲባል ሰው ይፈራ ነበር። አዋሽ ሲቋቋም 486 መሥራቾች ነበሩት፣ 24.2 ሚሊዮን ብር ይዘው። እኔ የገባሁት ትንሽ ቆይቶ በተቋቋመ ሌላ ባንክ ነው፣ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር፣ ከደመወዝ እየቆረጥን።

ሀብት ያፈራንና ያላፈራን እዚያው ቡድን ውስጥ አለን። ልዩነቱ የመጣው ከትርፍ ድርሻው አይደለም። ባንኩ በየጊዜው ካፒታል ሲያሳድግ ለነባር ባለአክሲዮን በፓር ዋጋ አዲስ አክሲዮን ይሸጣል። ትርፌን ሳልቀበል እዚያው አዙሩልኝ ያልኩት እኔ ድርሻዬን ጠበቅሁ። ትርፉን ለበዓል በግ፣ ለልጅ ምርቃት ያወጡት (አልፈርድባቸውም፣ ኑሮ ነው) የያዙት አክሲዮን ቁጥሩ እዚያው ነው፣ በባንኩ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ግን መንምኖ መንምኖ ሊጠፋ ነው። ወረቀቱ ላይ ምንም አልተቀነሰባቸውም፣ ለዚህ ነው የማይታወቃቸው።

ደግሞ ተሳክቶልኛል ብዬ በብር ስቆጥር ደስ ይለኛል፣ በዶላር ስቆጥረው አፌን እይዛለሁ። ስገባ ዶላሩ ሰባት ብር እንኳ አይሞላም ነበር። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ተነሥቶ በቀናት ውስጥ መቶን አለፈ። ቶማስ ልጄ፣ ባንኩ አልከሰረም፣ ልክ ነህ። ግን በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ 30 በመቶ ትርፍ አገኘሁ ብሎ የፈነጠዘ ሰው ምን አገኘ?

መቅደስ_ሐዋሳ
እትዬ የሺ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሪፖርቱን ከባንኩ ድረ ገጽ አገኘሁት። ሒሳብ ሹሙ ጋሼ (ጋሼ ካልሆኑ ይቅርታ)፣ ቁጥሮቹ እንዲህ ናቸው። በአንድ አክሲዮን የተጣራ ትርፍ 430 ብር። የባለአክሲዮን ሀብት በአክሲዮን ስካፈለው 1,500 ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ እንዴት ገመቱት? የተበላሸ ብድር ካቻምና 3.1 በመቶ፣ አምና 4.8። ገቢው ውስጥ «ከውጭ ምንዛሪ የተገኘ» የሚል መስመር አለ፣ ከካቻምናው ጋር ሲተያይ በጣም ዘሏል። የገቢው ሲሶ ያህል ሆኗል።

ሒሳብ_ሹሙ
ጋሼም አይደለሁ፣ ገምቼም አይደለም። ብዙዎቹ ባንኮች እዚያ አካባቢ ስለሚሆኑ ነው። ጎበዝ፣ ይሄን ያህል የሚያነብ ገዢ ብዙ የለም።

2,200ን ለ430 ብታካፍዪው 5 ይመጣል። የአምስት ዓመት ትርፍ ከፍለሽ ትገቢያለሽ ማለት ነው። ከቴሌ 14 ጋር ሲተያይ እርካሽ ይመስላል። እርካሽ የሚመስልበት ምክንያት ግን ያው ያየሽው መስመር ይመስለኛል። ብር ከ57 ወደ ከመቶ በላይ ሲሄድ፣ የውጭ ምንዛሪ ሀብታቸው ከዕዳቸው የሚበልጥ ባንኮች ምንም ሳይሠሩ በብር ሲተመን አተረፉ። ያ ትርፍ እውነተኛ ነው፣ ግን አንዴ የመጣ ነው። በየዓመቱ ብር በግማሽ አይወርድም፣ ቢወርድም አገሩ ራሱ አይቆምም።

አሁን ከ430ው ሲሶውን አንሺ። 287 አካባቢ ይቀራል። ከዚያ ላይ 25 በመቶው ወደ መጠባበቂያ ሲሄድ ለማከፋፈል የሚተርፈው 215 ነው። 215ን ለ2,200 ስታካፍዪው 9.8 በመቶ። አየሽው? ከ32 ተነሥተን 14.5፣ ከ14.5 ወደ 10 ያልሞላ። ባንኩም አልተለወጠ፣ ዋጋውም አልተለወጠ። የገቢው ሲሶ ነው እንጂ የትርፉ ሲሶ ነው አላልሽም፣ ስለዚህ ልኩ ከዚህ ሊለይ ይችላል። ምንዛሪ ላይ ወጪው ትንሽ ስለሆነ ከትርፉ ውስጥ ያለው ድርሻ ከሲሶም ሊበልጥ ይችላል እላለሁ።

የተበላሸ ብድሩ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ባንክ የሚሞተው በዚህ ነው። 4.8 በመቶ ብሔራዊ ባንክ ካስቀመጠው የ5 በመቶ ጣሪያ በታች ነው፣ ለጥቂት። አንድ ባንክ ልክ ከጣሪያው ሥር ተጠግቶ ሲያድር እኔ ሁሌ ዓይኔን አጠብባለሁ። ብድር የሚበላሸው 90 ቀን ሳይከፈል ሲያልፍ ነው። 89ኛው ቀን ላይ ደንበኛውን ጠርቶ «ውሉን እናድስ፣ ጊዜ እንጨምርልህ» ማለት ይቻላል። አንዳንዴ ትክክል ነው፣ ጤነኛ ደንበኛ ችግር ገጥሞት ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ቁጥር ማሳመር ነው። ይሄን ለመለየት ወደ ሒሳቡ ማብራሪያ ውረጂ። ብድሮቹ በሦስት ደረጃ የተከፈሉበት ሠንጠረዥ አለ። ሦስተኛው የተበላሸው ነው። አንቺ ሁለተኛውን እዪ፣ ስጋቱ ጨምሯል የተባለውን። እሱ አምና ከካቻምናው ይልቅ በጣም ካበጠ ዘንድሮ ወደ ሦስተኛው የሚያልፈው ከዚያ ነው። ከጎኑ ደግሞ «ያልተሰበሰበ ወለድ» የሚል አለ። ባንኩ ትርፍ ብሎ የመዘገበው፣ እጁ ግን ያልገባ ገንዘብ ነው። ብድሩ በ15 በመቶ አድጎ ያልተሰበሰበ ወለዱ በ50 ካደገ ተበዳሪዎቹ እየከፈሉ አይደለም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን ከመውደቁ በፊት የትርፍ ሪፖርቱ ያማረ ነበር። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2000 ላይ አክሲዮኑ 90 ዶላር፣ በ2001 ኅዳር መጨረሻ ከአንድ ዶላር በታች። ሠራተኞቹ የጡረታ ቁጠባቸውን አብዛኛውን ያኖሩት በራሱ በኤንሮን አክሲዮን ነበር፣ ሥራቸውንም ጡረታቸውንም አንድ ቀን አጡ። መቅደስ ባንክ ሠራተኛ ባትሆንም፣ ብዙ የባንክ ሠራተኛ ዘመዶቻችን ደመወዛቸውም፣ የቤት ብድራቸውም፣ አክሲዮናቸውም እዚያው አንድ ባንክ ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሄንድሪክ ቤሰምባይንደር በፈረንጆቹ ከ1926 እስከ 2016 የነበሩትን የአሜሪካ አክሲዮኖች አጥንቶ፣ ከግማሽ በላይ የሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የመንግሥት የአጭር ጊዜ ሰነድ ከሚከፍለው እንኳ በታች እንዳስገኙ አሳይቷል። የገበያውን ትርፍ ሁሉ ያመጡት 4 በመቶ ያህሉ ኩባንያዎች ናቸው። ለዚህ ነው እኔ እዚህ አብዛኛውን ገንዘቤን በኢንዴክስ ፈንድ (የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን አንድ ላይ በሚይዝ ፈንድ) አስገብቼ በተናጠል የምገዛው ትንሽ የሆነው።

ቶማስ_ቦሌ
ኢንዴክስ ፈንድ እዚህ የት አለ? የሌለ ነገር አትምከርበት።

ሒሳብ_ሹሙ
ቶማስ እዚህ ላይ ልክ ነው። እኛ ጋ ብርን መበተን ማለት አምስት ባንክ መግዛት ሆኗል። እሱ ደግሞ ያን ያህል መበተን አይደለም፣ ሁሉንም አንድ መመሪያ ይመታቸዋልና። በ2003 የወጣው መመሪያ የግል ባንኮች ከሚያበድሩት 27 በመቶ ያህል በዝቅተኛ ወለድ የመንግሥት ሰነድ እንዲገዙ ሲያስገድድ እስከ 2012 ቆየ፣ ሁሉም ላይ። በነሐሴ 2015 የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ አይለፍ ሲባል፣ ሁሉም ላይ። ያ ገደብ ኋላ ወደ 18 ተነሣ። አሁን ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ሕጉ ተፈቅዷል፣ እሱም ሁሉንም ነው የሚነካው። መያዣቸው አብዛኛው ቤትና ሕንፃ ነው፣ የሕንፃ ዋጋ ቢቀዘቅዝ አብረው ይቀዘቅዛሉ። ከመበተኑ የምታገኘው የአንድ ባንክ አመራር ጥፋት ሁሉንም ብርህን እንዳይበላ ብቻ ነው። እሱም ቀላል አይደለም።

ሰሚራ_ዱባይ
ሰላም። እኔ ብር እየላክሁ በወንድሜ ስም አክሲዮን እያስገዛሁ ነው። ይሄ ስጋት ውስጥ ይገባል?

ሒሳብ_ሹሙ
ይገባል እንጂ። መዝገብ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው ባለአክሲዮን። ወንድምሽ ደግ ሰው ቢሆንም ቢያገባ፣ ቢፋታ፣ ቢሞት ወይም ተበድሮ ቢያስይዘው አንቺ ባንኩ ፊት ማንም አይደለሽም። ኢትዮጵያዊ ዜግነትሽን ካልቀየርሽ በስምሽ መግዛት ትችያለሽ፣ ለወንድምሽ ውክልና ስጪውና በአንቺ ስም ይፈርም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ዜግነት ለቀየርነው ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 2016 የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮናቸውን እንዲያስረክቡ ሲደረግ፣ የተከፈላቸው በፓር ነው። እጥፍ አውጥቶ የገዛውም፣ ሃያ ዓመት የቆየውም እኩል። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2019 ሕጉ ተመልሶ ተፈቀደልን። ስለዚህ እኔ የአገር ቤት አክሲዮን ስገምት ፓር ቫልዩንም ከዚህ አንጻር አየዋለሁ። ሒሳብ ሹሙ ዋጋ አይደለም ቢልም፣ አንድ ቀን ዋጋ ሆኖ ያውቃል።

ሒሳብ_ሹሙ
ይሄን እቀበላለሁ።

መቅደስ_ሐዋሳ
ሁለተኛውን ደረጃ አየሁት። ካቻምና ከጠቅላላ ብድሩ 6 በመቶ ነበር፣ አምና 11። ያልተሰበሰበው ወለድ ደግሞ ተለይቶ አልወጣም፣ «ሌሎች ሀብቶች» ውስጥ የተቀላቀለ መሰለኝ። ለባልደረባዬ 1,600 ብር አልኳት። ከ2,000 በታች አልሸጥም አለች፣ ደግሞ ተቀይማለች። አንድ ነገር ግን ተናገረች፣ ባንኩ ባለፈው ጉባኤ ካፒታል ለማሳደግ ወስኗል፣ ለእያንዳንዱ አሥር አክሲዮን አራት አዲስ በፓር ይሰጣል አለችኝ። እትዬ የሺ የነገሩን ዓይነት መሆኑ ነው። ይሄ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል ወይስ ዝቅ?

እትዬ_የሺ
ልጄ፣ መጀመሪያ የምትጠይቂው መብቱ የማን ነው የሚለውን ነው። እሷ አራቱን አዲስ አክሲዮን ራሷ ፈርማ፣ አሮጌዎቹን ብቻ ላንቺ ብትሸጥስ?

ሒሳብ_ሹሙ
እትዬ የሺ ነገሩን ነካችው። ሒሳቡን ልሥራው።

መብቱ አብሮ ካንቺ ጋር ከመጣ፣ አሥሩን በ2,000 ስትገዢ 20,000፣ አራቱን በ1,000 ስትጨምሪ 4,000፣ በድምሩ 24,000 ብር ለ14 አክሲዮን። አንዱ 1,714 ገደማ ይወጣል። ይሄ ካንቺ 1,600 ብዙም አልራቀም። ግን የባንኩ ሀብትም ይሳሳል፣ 1,500 የነበረው አዲሶቹ በ1,000 ሲገቡ 1,357 ይሆናል። ትርፉም ለ14 ይከፋፈላል እንጂ ለ10 አይደለም። አዲሱ ገንዘብ ሥራ ላይ ውሎ ወለድ እስኪያመጣ ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት የትርፍ ድርሻው መቶኛ ይወርዳል። ብዙ ባንኮች 5 ቢሊዮን የተከፈለ ካፒታል እስከ ሰኔ 2018 እንዲያሟሉ ታዘው ስለነበር ይሄ የአንድ ባንክ ነገር አይደለም።

መብቱ ከእሷ ጋር ከቀረ ግን 2,000 ብር ከፍለሽ የምትይዢው ወዲያው 1,357 ብር ሀብት ያለውን አክሲዮን ነው። በዚያ ሁኔታ 1,600ም በዝቷል፣ እኔ ብሆን 1,400 ላይ ነው የምቆመው።

ባንኩ አክሲዮን ክፍል ደውዪና መብቱ የሚሰጠው በየትኛው ቀን መዝገብ ላይ ላለ ባለአክሲዮን እንደሆነ ጠይቂ። ቀኑ አልፎ ከሆነ መብቱ የእሷ ነው፣ ካላለፈ ደግሞ ዝውውሩ ከዚያ በፊት መዝገብ ላይ መግባት አለበት፣ ውልና ማስረጃ መፈረም ብቻ አይበቃም። ዘንድሮ በጉባኤ የሚታወጀው የትርፍ ድርሻም እንደዚሁ ነው፣ በጀት ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ስለምትገዢ ማን እንደሚወስደው ውሉ ላይ ይጻፍ። ሻጮች ይሄን ሳይጽፉ ይተዉታል፣ ከዚያ ታኅሣሥ ላይ ክፍያው ሲመጣ ጭቅጭቅ ነው።

መቅደስ_ሐዋሳ
ደወልኩ። ቀኑ ገና አልደረሰም፣ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነው አሉኝ። የማስተላለፉ ወረቀት ግን ሦስት ሳምንት ይፈጃል ብለውኛል።

እትዬ_የሺ
እንግዲያው ሰኞን አትለፊ።

አራዳው
በ1,700 እኔ አለሁ።

አወያይ
አራዳው!